ቤት መምታት

አርባ ስምንት በሮች፣ አርባ ስምንት ደጆች፣
ካንድ ወረቀት ሆድ የተወለዱ ልጆች።
እኔ ነኝ የነደፍኩ፤ ፑ ያንዢ ይሉኛል፤
የቀለሙ እድፍ ዛሬም ጣቴ ላይ ይታያል።

አያቴ ሻንጋይን የረገጠ ለታ
ከሱዡ ሸሽቶ ነው፣ ጦር ያገሩን ሲመታ።
ያገኘው ማደሪያ የሳንቃ ድርድር ነው፣
ጎረቤት ሲያስነጥስ ‹ይማርህ› የሚያሰኘው።
ያኔ ነው ሰፈርን በመስመር የሠሩት፣
ያኔ ነው መጠለል እንደሚሸጥ ያወቁት።
አንድ ሌሊት ፋኖስ ወደቀ ካንድ ቤት፤
ንጋት ላይ የቀረው አመድ ነው፣ በተርታ፣ በሥርዓት።
ከዚያ ወዲያ ‹እንጨት አይሁን› አለ ሕጉ፤
ጡቦች ከጭቃ ወጥተው መደዳ ይዘው አደጉ።

በኔ ጊዜ ደግሞ ከቢሯችን ገብቶ
የሐር ነጋዴው ቺዩ አለኝ ክንዱን ዘርግቶ፦
‹ከፊት የድንጋይ መቃን፣ ጥቁር ድርብ መዝጊያ፣
ከበሩ ወዲያ ደግሞ ለሰማይ ትንሽ መግቢያ፤
ሳሎኑ ለአያት፣ ፎቁ ለባለትዳር፣
ፊቱ ወደ ደቡብ፤ አንድ ቤት ላንድ ዘር።›
በሰፈሩ ቅስት ላይ ‹ሄፉ› ብለን ቀረጽን፤
ሰላምና በረከት ማለት ነው፤ ኪራይ ግን በወሩ መባቻ ተመንን።

አንዱን ቤት ነድፌ አርባ ሰባቱን ገለበጥኩ፤
ባለቅኔ እንደሚመታ፣ እኔም ቤት መታሁ አልኩ።
ደረጃ ከደረጃ፣ ጣራ ከጣራ ገጠመ፤
ግጥም ነው ብዬ ሳየው ልቤ እየታመመ።
መጨረሻ ላይ ግን ከኩሽናው በላይ
ጥቂት ባዶ ቀረች፣ ፊቷን ወደ ሰሜን ሰማይ።
‹የዕቃ› ብዬ በቀጭን ብዕር ጻፍኩባት፤
‹ሰው አይቆምባት› ብዬ አንድ ክንድ ቀነስኩባት።
ጌታው ‹ጡብ ተረፈን› ብሎ ሳቀ፤
ነገሩ በዚህ አለቀ።

አሥራ ስምንት ዓመት። የሩዝ ዋጋ ናረ፣
ላንድ ዘር ያልኩት ቤት ለሰባት ዘር ሆኖ ኖረ።
ወይዘሮ ጓን ተከራይታ፣ ቆርሳ ታከራያለች፤
ሳሎኑን በሳንቃ ከሦስት ከፍላለች።
ደረጃው ሥር ጫማ ሰፊ፣ ጣራው ሥር አንዲት ነርስ፣
መሃል ፎቅ የሚያነብ ተማሪ፣ ድምፁ እስኪዘጋ ድረስ።
ሰባት የከሰል ምድጃ ባንድ ኩሽና፣
ሰባት አምፖል ከላይ፤ ቆጣሪው ያጣላልና።
ጎህ ሲቀድ የሰገራው ጋሪ ሲንኳኳ፣
ቀይ ባልዲያችንን ይዘን እንሰለፋለን፤ ለካ
ንድፌ ላይ የረሳሁት ሽንት ቤትን ነበር!
ይኸው በየማለዳው ይመሰክራል ሰፈር።

ሰባት ዘር ብያለሁ። ስምንተኛው እኔ ነኝ።
ቢሮው ተዘጋ፤ ዓይኔም መስመሩን ከዳኝ።
ወይዘሮ ጓን ቁልፍ ሰጥታኝ ‹ይህች ርካሽ ናት› አለች፣
‹ክረምት ትበርዳለች፣ በጋ ካ‛ኩሽናው ጋር ትበስላለች፤
የነደፋትን ሰውዬ እጁን ይቁረጠው!›
እጄን ኪሴ ከተትኩት፣ እርግማኑን እንዳይሰማው።

ከእንቅልፌ ነቅቼ ቀና ባልኩ ቁጥር
ወራጁ ግንባሬን ይለኛል፣ እንደቆየ ብድር።
የቆጠብኳት አንድ ክንድ ይኸው ከነወለዷ አገኘችኝ፤
ባለቅኔ ቤት ይመታል፤ እኔን ቤቱ መታኝ።

ማታ በኋላ መንገድ ስመለስ ዳቦ ገዝቼ፣
ቆም እላለሁ አንዳንዴ አንገቴን ቀና አድርጌ፣ ሽቅብ አይቼ፦
ከየኩሽናው በላይ አምፖሎቹ ሲበሩ፣
በየጠባቧ መስኮት፣ ስማቸውን የማላውቅ፣ አብረውኝ የሚኖሩ
ጥላዎች ይታዩኛል፤ ሲነሱ አንገት ይሰብራሉ።
አንገት መስበሩ የኔ ንድፍ ነው፤ እነሱ ግን ‹ልማድ ነው› ይላሉ።